ጠዋት እጅሽ እንቢ ሲልሽ፦ ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ለምትኖር ልጄ

ልጄ፣ ሐኪሙ የሕመምሽን ስም ከነገረሽ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ ሰምቻለሁ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚለው ስም ራሱ ለጆሮ ይከብዳል፤ "ዕድሜ ልክ" የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እኔ ነርስ ሆኜ ብዙዎችን አስታምሜአለሁ፤ ሕመሙም በገዛ እጄ ላይ ስለሆነ ጸጉሬ ከእሱ ጋር ነው የሸበተው። ብቻሽን አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በመላው ዓለም 18 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖር እንደነበር ይገልጻል፤ ከመቶው 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው። የምመክርሽ ምርምር የደረሰበትንና እኔም በታማሚዎች ላይ ያየሁትን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጠዋትሽን በሰዓት ለኪው።

ሐኪም ፊት ተቀምጠሽ "እጄን ያመኛል" ብቻ ብለሽ ከወጣሽ ብዙ አልነገርሽውም። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ጣቶችሽ አብጠው አልታጠፍ ይላሉ፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅትሻል፤ የሃይላንድ ክዳን በጥርስሽ ትከፍቻለሽ፤ ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ማንሳት ያስፈራሻል። ያ ግትርነት ስንት ሰዓት ላይ ለቀቀሽ? በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ጠዋት ቢይዝም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። ያንቺው ግን ካልታከመ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ረፋድ ይቆያል። ቦታውንም አስተውዪ፤ የጣቶችሽን ሥር፣ መካከለኛውን መገጣጠሚያ፣ የእጅ አንጓሽንና የእግር ጣቶችሽን ሥር በግራም በቀኝም ይይዛል፤ ከጥፍር አጠገብ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አይነካም።

"12 ሰዓት ተነሥቼ እጄ የታዘዘኝ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው" ብትዪው ሐኪሙ የላብራቶሪ ወረቀት የማይነግረውን አወቀ ማለት ነው። የደም ምርመራው ኔጌቲቭ ቢወጣ እንኳ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ደማቸው ምንም ሳያሳይ መገጣጠሚያቸው የሚያብጥ ታማሚዎች አሉ።

2. "ብርድ ነው" የሚልሽን አመስግነሽ እለፊው።

መገጣጠሚያ ሲያብጥ የጎረቤት ፍርድ የታወቀ ነው፤ ብርድ መታት፣ ሪህ ያዛት፣ ወጌሻ ያሽላት። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ሕመሙ የሚጀምረው ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ስለሆነ ደግሞ "አራስ ቤት ብርድ ገብቶባት ነው" ይባላል፤ ሴትዮዋም ሰውነቷን በጋቢ ጠቅልላ ወራት ታሳልፋለች። ነገሩ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ማጥቃት ይጀምራል፤ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ አልፎ አጠገቡ ያለውን አጥንት ይበላል። የተበላ አጥንት አይመለስም፤ ጉዳቱም የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪሞች ማኅበር መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ ልዩ ሐኪም እንዲያየው፣ መድኃኒቱም በ3 ወር ውስጥ እንዲጀመር የሚመክረው ለዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

የማን ጥፋት ነው ብለሽም አትጨነቂ። ከፊሉ ከዘር ይወረሳል፤ ከውጭ ከሚመጡት ምክንያቶች በደንብ የተረጋገጠው ማጨስ ነው። አይጋባም። ኃጢአትም ርግማንም አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለ ግን ውጭ ያጭስ፤ አንቺም ካጨስሽ ዛሬውኑ ተዪው።

3. ቶሎ የሚያሽልሽን እንደ ፈውስ አትቁጠሪው።

በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም ነበር። በ1929 አንድ ታማሚው ዓይኑ ቢጫ በሆነበት ሰሞን የመገጣጠሚያ ሕመሙ እንደጠፋለት ነገረው። ሌላ ሐኪም ቢሆን በአንዱ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ባፈሰሰው ነበር። ሄንች ግን ነገሩን ያዘው፤ እርጉዝ ሴቶችም እንደዚሁ ሲሻላቸው አየ፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አንድ ነገር መኖር አለበት ብሎ ከኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ጋር ለዓመታት ፈለገ። በ1948፣ በኋላ ኮርቲዞን የተባለውን ንጥረ ነገር ሕመሙ አልጋ ላይ ለጣላት አንዲት ወጣት ሴት ሰጡ። በቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። በ1950 ሄንች፣ ኬንዳልና የስዊዘርላንዱ ታዴውስ ራይክሽታይን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ደስታው ግን ብዙ አልዘለቀም። መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ሲቆይ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ዛሬ በእጅሽ ያለው ፕሬድኒሶሎን የዚያው ቤተሰብ ነው፤ በሰፈር ፋርማሲ "አንድ ጊዜ ተወግተሽ እረፊ" የሚሉሽ ዴክሳሜታሰንም እንደዚያው። ሐኪምሽ ሲያዝልሽ ውሰጂው፤ ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ ድረስ ያሻግርሻል። ግን በራስሽ አትግዢው፤ ከሳምንታት በላይ ከወሰድሽው ደግሞ በአንድ ቀን አታቁሚው፤ ሰውነትሽ የራሱን ማምረት ስለሚተው ድንገት ሲቀር ሊጥልሽ ይችላል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ "መቼ ነው የምንቀንሰው?" ብለሽ ጠይቂ።

4. የሜቶትሬክሴት ቀን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ዋናው መድኃኒት ይኸኛው ነው። "የካንሰር መድኃኒት ሰጧት" ብለው የሚያስፈራሩሽ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ለካንሰርም ይሰጣል፤ ላንቺ የሚታዘዘው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ መጠን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ1988 ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብለሽ እንዳትጥዪው።

አሁን የምነግርሽን አደራ አትርሺው። ኪኒን ሁሉ በየቀኑ የሚዋጥ ስለሚመስል ይህን መድኃኒት በስሕተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ከፋርማሲው መስኮት ሳትርቂ የኪኒኑን ፖስታ አንብቢ። "በቀን" የሚል ከተጻፈበት መልሺውና "በሳምንት አንድ ቀን" ብለው የቀኑን ስም ራሱን እንዲጽፉልሽ አድርጊ። በማግስቱ ልታርፊበት የምትችዪበትን ቀን ምረጪ፤ አንዳንዱን ሰው በማግስቱ ያቅለሸልሸዋልና። ለቤትሽ ሰውም ቀኑን ንገሪ። አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ውሰጂ። የጉበትና የደም ምርመራሽን አታሳልፊ። ጠላም ጠጅም አረቄም ከጉበትሽ ጋር ስለሚያጣላሽ ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትቅመሺ።

ልጅ ለመውለድ ካሰብሽ ሳታረግዢ በፊት ተናገሪ። ሜቶትሬክሴት ጽንስን ይጎዳል፤ አስቀድሞ መቆም አለበት። በእርግዝና ጊዜ የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ "አትወልጂም" የሚልሽን አትስሚ። ከወለድሽ በኋላ ሕመሙ ሊያገረሽብሽ እንደሚችል ግን አውቀሽ፣ ጡት እያጠባሽ የምትወስጂውን አስቀድመሽ ተመካከሪ፤ ሕፃኑን የሚያቅፍልሽ ሰውም አዘጋጂ።

5. ሐኪምሽ መገጣጠሚያሽን አንድ በአንድ ይጫን።

በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ የተደረገና በ2004 የታተመ ጥናት አለ፤ ለኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ዜና አላውቅም። 110 ታማሚዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በተለመደው መንገድ በየጊዜው ይታያሉ። የቀሩት በየወሩ ይመጣሉ፤ ያበጠውና የሚያመው መገጣጠሚያ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ካልወረደ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይጨመራል ወይም ይለወጣል። ከ18 ወር በኋላ ከተለመደው ቡድን ከመቶ 16 ያህሉ፣ በየወሩ ከታዩት ደግሞ ከመቶ 65 ያህሉ ሕመማቸው ጸጥ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቶቹ አዲስና ውድ አልነበሩም፤ ያው የቆዩት ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው መቁጠሩና "ደህና ነች፣ ትቆይ" ብሎ አለማለፉ ነው።

የሩማቶሎጂ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ነው፤ ቀጠሮውም ይርቃል። በየወሩ መታየት ባትችዪም መቁጠር ትችያለሽ። በደብተር ላይ የሁለት እጅ ሥዕል ሣዪ፤ በየሳምንቱ ያበጠውን ጣት በእስክሪብቶ አክብቢ፤ ጠዋት እጅሽ የለቀቀበትን ሰዓት ከጎኑ ጻፊ። ይህን ይዘሽ ስትገቢ የውስጥ ደዌ ሐኪምም ቢሆን ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ክርን፣ ሁለት የእጅ አንጓ፣ ጣቶችሽንና ጉልበቶችሽን በደቂቃዎች ውስጥ ጫን ጫን አድርጎ 28ቱን መገጣጠሚያ መቁጠር ይችላል። ማሽን አይፈልግም። ካልነካሽ በትሕትና "ዶክተር፣ እጄን ይዩልኝ" በዪ።

6. የሳንባ ነቀርሳ ታሪክሽን አትደብቂ።

በ1992 ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ የመገጣጠሚያውን ቁጣ (ብግነት) የሚያቀጣጥለውን ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለ ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት ለታማሚዎች ሰጥተው አዲስ በር ከፈቱ። መድኃኒቱ ግን ተኝቶ የነበረን የሳንባ ነቀርሳ ይቀሰቅሳል፤ ይህ በ2001 በአሜሪካ በግልጽ ታየ። በኛ አገር በሽታው ስለሚበዛ፣ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም ዱባይ ሆና ይህ መድኃኒት የታዘዘላት እህትሽም "ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ነበር" ብላ ለሐኪሟ መናገር አለባት። የውጭ ሐኪም ሳይነገረው ላያስበው ይችላል።

7. ተንቀሳቀሺ።

ድሮ ታማሚ ይተኛ፣ መገጣጠሚያው ይረፍ ነበር የሚባለው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህን ፈተሹት፤ 300 የሚያህሉ ታማሚዎችን ይዘው ከፊሎቹን ለሁለት ዓመት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠንከር ያለ ስፖርት አሠሩ። በ2003 ባወጡት ውጤት የሠሩት ሰዎች ብርታታቸውና የዕለት ሥራቸው ተሻለ፤ ትልልቅ መገጣጠሚያቸው ቀድሞውኑ በጣም ከተጎዳባቸው በቀር በራጅ የታየ ተጨማሪ ጉዳት አልመጣም። ለእጅ ደግሞ በ2015 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት አለ፤ 490 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል፤ በባለሙያ እየታገዙ ጣታቸውንና የእጅ አንጓቸውን የሚያፍታታና የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በየዕለቱ የሠሩት ከዓመት በኋላ እጃቸው የተሻለ ይሠራ ነበር።

እኔ ጠዋት በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ እጄን እነክራለሁ። ውሃው ውስጥ እያለሁ ጣቶቼን ቀስ ብዬ አጥፌ እዘረጋለሁ፤ አውራ ጣቴን ከእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ጋር አገናኛለሁ፤ ጣቶቼን ከፍቼ እዘጋለሁ፤ የእጅ አንጓዬን ወደ ላይና ወደ ታች አደርጋለሁ። ከውሃው ወጥቼ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ እጨምቃለሁ። መገጣጠሚያው ቀልቶ በሚያተኩስበት ቀን ማፍታታቱ ይበቃል፤ ጭመቃው ይቅር።

የወጥ ቤት ሥራ ግን እንቅስቃሴ ነው ብለሽ ራስሽን አታታልዪ። አክንባሎውን በአንድ እጅ በጣት ጫፍ አታንሺ፤ በሁለት እጅ፣ ክብደቱ መዳፍሽ ላይ ይረፍ። ጀበናውን በአንድ እጅ ይዘሽ ሌላውን በጨርቅ ከሥሩ ደግፊ። የታጠበ ልብስ ስትጨምቂ እጅሽን አትጠምዝዢ፤ ልብሱን በቧንቧው ላይ አዙረሽ ወደ ራስሽ ሳቢው። በርበሬው ወፍጮ ቤት ይሂድ።

8. ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ።

ሁለቱን ያጣላ ሰው አንቺን አልጠቀመም። ጠበል ቦታ ስትሄጂ መድኃኒትሽን በቦርሳሽ ያዢ፤ እዚያ የሚያስጥልሽ ሰው ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ጾሙንም አስመልክቶ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሪ፤ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ያዝንለታል። ሙስሊም ከሆንሽም በረመዳን ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ ላንቺም ነው። በ1991 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ትንሽ ጥናት ለጥቂት ቀናት ጾመው ከዚያ ለአንድ ዓመት በአትክልት የቆዩ ታማሚዎች ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። የጾም ምግባችን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አይጎዳሽም እንግዲህ። መድኃኒትን ግን አይተካም።

9. ሰው ሲያግዝሽ እምቢ አትበዪ።

የፈረንሳዩ ሠዓሊ ኦጉስት ረኗር ይህ ሕመም የያዘው 50 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ሜቶትሬክሴት የለ፣ ኮርቲዞን የለ። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ስለቀሩ ጥፍሩ ቆዳውን እንዳያቆስለው እጁን በጨርቅ ይጠቀልሉለት ነበር። ብሩሹን ሌላ ሰው ያቀብለውና በታጠፉት ጣቶቹ መካከል ያስገባለታል፤ እሱ ይሥላል። እጁ ሩቅ ስለማይደርስ ሸራውን በሚሽከረከር እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ የፈለገውን ቦታ ወደ ፊቱ ያመጡለት ነበር። እንዲህ እያለ በ1919 እስኪሞት ድረስ በደቡብ ፈረንሳይ በካኝ ሱር ሜር ሥሏል።

ስለ ጽናቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ብሩሹን የሚያቀብሉት ሰዎች ናቸው። በየቤታችን ሴት ልጅ እርዳታ መጠየቅ ነውር ነው ብላ ታድጋለች። ቡሃቃውን ልጅሽ ያንሳ። ባልሽ ልብስ ይጭመቅ። በመሥሪያ ቤትሽ ስብሰባው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነና እጅሽ በዚያ ሰዓት የማይጽፍ ከሆነ ወደ 4 ሰዓት እንዲያዛውሩት ጠይቂ።

10. ድካሙን በስሙ ጥሪው።

ብዙ ልነግርሽ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። እብጠት ይታያል፤ ድካም አይታይም። ሙሉ ሌሊት ተኝተሽ እንደ ተደበደበ ሰው ትነሺያለሽ። ቡና አፍልተሽ ሳትጨርሺ ጉልበትሽ ይከዳሻል። አማትሽ "ዛሬም ተኛች?" ይላሉ፤ አንቺም ቀስ በቀስ ሰነፍ ነኝ ብለሽ ማመን ትጀምሪያለሽ። አይደለሽም። ብግነቱ፣ የሌሊቱ ሕመም፣ የተቆራረጠው እንቅልፍ፣ ጭንቀቱ፣ አንዳንዴም የደም ማነስ ተደራርበው የሚያመጡት የሕመሙ አካል ነው።

ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ አላዩትም። ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ያበጠ መገጣጠሚያ ቆጥረዋል፣ ደም መርምረዋል፣ ራጅ አንሥተዋል፤ መድኃኒት ሠራ አልሠራም የሚባለውም በዚያ ነበር። በ2002 በአውስትራሊያ፣ የመለኪያዎቹን ጉዳይ የሚወስነው ኦሜራክት የተባለው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ታማሚዎችን አብረው እንዲመክሩ ጋበዘ። ታማሚዎቹም "ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ድካሙ ነው፤ እናንተ ግን አትለኩትም" አሉ። በእንግሊዝ፣ ብሪስቶል፣ ከነርስነት ተነሥታ ፕሮፌሰር የሆነችው ሳራ ሂውሌት ከባልደረቦቿ ጋር ታማሚዎችን እየጠየቀች በ2005 ያሳተመችው ጥናት ነገሩን አጠናከረ፤ ድካሙ ከሥራ ድካም የተለየ፣ ድንገት የሚመጣ፣ በእንቅልፍ የማይለቅ ነው፤ ብዙዎቹም ምንም አይደረግልንም ብለው ለሐኪም አይናገሩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሕመም ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ጥናት ሁሉ ድካምን እንዲለካ ጉባኤው መከረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው አባባል በታላላቅ ተመራማሪዎች ላይ ሲደርስ አየሁ፤ የተደበቀውን ያወጡት ታማሚዎቹ ናቸው።

የሂውሌት ቡድን በ2019 ባወጣው ሌላ ጥናት በየሆስፒታሉ ያሉ ነርሶችና የሥራ ሕክምና ባለሙያዎች ሠልጥነው ታማሚዎችን በቡድን እያነጋገሩ ድካምን የመያዝ ዘዴ አስተማሩ፤ ድካሙ በሕይወታቸው ላይ የነበረው ጫና ቀነሰ፤ ለውጡም ሁለት ዓመት ቆየ። ዋናው ትምህርት ቀላል ነው። ደህና በሆንሽበት ቀን ሙሉ ቤቱን አጥበሽ፣ እንጀራ ጋግረሽ፣ እንግዳ ተቀብለሽ ከዚያ ሁለት ቀን አትውደቂ። ሥራውን በየቀኑ ከፋፍዪው፤ ሳይደክምሽ ዕረፍት ውሰጂ። ለአማትሽ ደግሞ ባልሽ ይንገራቸው፤ ካንቺ አፍ ከሚሰሙት ከልጃቸው ቢሰሙት ይሻላል።

11. ከወረፋው ጓደኛ አፍሪ።

በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬት ሎሪግ የምትባል ነርስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታማሚ ታማሚን የሚያስተምርበት ኮርስ አቋቋመች። ሕመማቸው ለምን እንደቀነሰ ስትመረምር የተማሩትን እንቅስቃሴ መሥራታቸው ብቻ ነገሩን እንደማያብራራው በ1989 ጻፈች፤ "እችላለሁ" የሚለው እምነታቸው ማደጉ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እንዲህ ያለ ኮርስ በሰፈርሽ አትጠብቂ። የቀጠሮ ቀን አግዳሚው ላይ አጠገብሽ የተቀመጠችውን ሴት ግን እጇን አይተሽ ታውቂያታለሽ። ስልኳን ተቀበዪ።

12. ተመራማሪ መጥቶ ሲጠይቅሽ እውነቱን መልሺ።

አንድ ቀን መጠይቅ የያዘ ወጣት ሐኪም ወይም የማስተርስ ተማሪ ወደ አንቺ ይመጣል። በአማርኛ ያስረዳሽ፤ ደም ከወሰደ ለምን እንደሆነ ይንገርሽ፤ የፈረምሽበትን ወረቀት ቅጂ ጠይቂ። እምቢ ብትዪ ሕክምናሽ አይቋረጥም። ፈቃደኛ ከሆንሽ ግን ተጠንቀቂ። እኛ "እንዴት ነሽ?" ስንባል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" እንላለን፤ ሰባት የሚያህል ሕመም ይዘን "ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምሻል?" ሲሉን ሁለት ብለን እናልፋለን። ወጣቱም ሁለት ብሎ ይጽፋል፤ ያ ሁለት ወደ ሠንጠረዥ ይገባል፤ ነገ ላንቺ ዓይነቷ ሴት መድኃኒት ያስፈልጋል አያስፈልግም ሲባል የሚታየው እሱ ነው። ምስጋናሽን አድርሺ፣ ቀጥለሽ ሰባት በዪ። ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍ፣ ከባልሽ ጋር ስላለሽ መኝታ፣ ስለ ትራንስፖርት ወጪ ያልጠየቀሽ እንደሆነ "ይህንንም ጻፍልኝ" በዪው፤ ከወረቀቱ ጀርባ ላይም ቢሆን ይጻፈው።